እሳት ጎራሹን ሞተር ከምን እንሥራው?

ሞተር ልሥራ ብሎ የሚነሣ ወጣት ብዙውን ጊዜ ከንድፍ ይጀምራል። ሥዕሉን ያገኛል፣ ሥዕሉ ላይ የተጻፈውን ብረት ፍለጋ ይወጣል፣ ብረቱን ሲያጣ ሥራውን ይተወዋል። እኔ በዚህ ሙያ ቆይቼ የደረስኩበት ቅደም ተከተል ሌላ ነው። መጀመሪያ የምንኖርበትን አየር ማወቅ፣ ቀጥሎ እርስ በርሱ የሚስማማ ሲሊንደርና ፒስተን መፈለግ፣ ንድፉን ደግሞ ከእነዚህ በኋላ መምረጥ። ይህን አጥርቶ የሚያስተምር ከእሳት ጎራሽ የተሻለ ሞተር አላውቅም፤ ለትምህርቱ ከአዲስ አበባው ቆሼ ዙሪያ የሚመች ሰፈርም አላውቅም።

እሳት ጎራሽ የምንለው በጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ትንሽ ሞተር ነው። ውስጡ ነዳጅ አይፈነዳም፣ እንፋሎትም አይገባበትም። በሲሊንደሩ አፍ ፊት ለፊት አንዲት የአልኮል ኩራዝ ትነዳለች። ፒስተኑ ወደ ኋላ ሲሸሽ በቀዳዳው በኩል ነበልባሉን ይጎርሳል፤ ጉዞውን ሊጨርስ ጥቂት ሲቀረው ቫልቩ ቀዳዳውን ይደፍናል። የጋለው ጋዝ የሲሊንደሩን ግድግዳ ሲነካ ሙቀቱን ይለቃል፣ ግፊቱም ከውጭው አየር በታች ይወርዳል። ያን ጊዜ ፒስተኑን ገፍቶ የሚመልሰው ሁላችንም ላይ ተጭኖ የሚኖረው አየር ነው። በመመለሻው መጨረሻ የተረፈው ጋዝ ተጨምቆ ከውጭው አየር ጋር ሲስተካከል ቫልቩ ይከፈትና ያስወጣዋል። ቮላኖው በያዘው ፍጥነት ዑደቱ ይቀጥላል።

ዋግምት ያየ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ባለሙያው ብርጭቆው ውስጥ እሳት ለኩሶ ቆዳ ላይ ሲደፋው፣ እሳቱ ጠፍቶ ጋዙ ሲቀዘቅዝ ቆዳው ወደ ብርጭቆው ያብጣል። ብርጭቆው የሳበው ይመስላል እንጂ የሚገፋው በዙሪያው ያለው የአየር ግፊት ነው። እሳት ጎራሹ ይህንኑ በደቂቃ ጥቂት መቶ ጊዜ ይደጋግመዋል።

አሳቡ አዲስ አይደለም። እንግሊዛዊው ቶማስ ኒውኮመን እ.ኤ.አ. በ1712 የማዕድን ጉድጓድ ውኃ ማውጫ ሞተሩን ሲሠራ፣ ፒስተኑን ያወረደው እንፋሎቱ በቀዘቀዘ ጊዜ ከላይ የተጫነው አየር ነበር። ሳሙኤል ብራውን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1823 በእንፋሎት ፋንታ የጋዝ ነበልባል አስገብቶ በማቀዝቀዝ ለሚሠራ ሞተር የባለቤትነት መብት አወጣ፤ ከሦስት ዓመት በኋላም በዚሁ ሞተር የሚሄድ ሠረገላ በለንደን አቅራቢያ ሹተርስ ሂል የተባለውን ዳገት ወጣ። በኋላ የመጡት በውስጣቸው የሚያቃጥሉ ሞተሮች እጅግ በለጡትና መንገዱ ተተወ። ዛሬ እሳት ጎራሽ የሚሠራው ለመማሪያና ለእጅ መፈተኛ ነው። የኛን መጠን ያለው ሞተር የሚሰጠው ኃይል አንድ ዋት እንኳ አይሞላም። ኃይሉ ጥቂት በመሆኑ የሠሪውን ጥንቃቄ ጉድለት የሚሸፍንበት ትርፍ የለውም፤ መምህርነቱም እዚህ ላይ ነው።

ኃይሉ ከአየር ስለሆነ አየሩን እንመልከት። በባሕር ዳርቻ፣ ጅቡቲ ላይ እንበል፣ አየር በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ አንድ ኪሎ ያህል ይጫናል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እዚህ ያለው ግፊት የባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ብቻ ነው። 25 ሚሊ ሜትር የውስጥ ስፋት ያለው ሲሊንደር ውስጡ ፈጽሞ ባዶ ቢሆን፣ አየሩ ፒስተኑን ጅቡቲ ላይ በ5 ኪሎ፣ አዲስ አበባ ላይ በ3.8 ኪሎ ያህል ይገፋዋል። ባዶነቱ መቼም ሙሉ ስለማይሆን በተግባር የሚገኘው ከዚህ ጥቂቱ ነው። ሰበቃ ግን ከፍታ አያውቅም። ፒስተኑ ከግድግዳው፣ ዘንጉ ከኩሽኔታው ጋር መታሸቱ ጅቡቲም ቆሼም ያው ነው። ስለዚህ በባሕር ዳርቻ አገር የተፈተነ ንድፍ ምንም ሳይለወጥ እዚህ ቢሠራ ኃይሉ ሩብ ቀንሶ ሰበቃው እንዳለ ይጠብቀዋል። ሞተሩ እምቢ ሲል ብዙ ሰው እጁን ይጠራጠራል፤ አየሩን የሚጠራጠር ጥቂት ነው።

መድኃኒቱ ሁለት ነው። አንዱ ስፋቱን መጨመር ነው፤ 25 የነበረውን 29 ሚሊ ሜትር ብናደርገው ከፍታው የነሳን ግፊት ይመለሳል። ሌላው ሰበቃን ማራገፍ ነው። ሁለቱንም ማድረግ ጥሩ ነው፤ አንዱን ብቻ መምረጥ ግድ ከሆነ ግን እኔ ሰበቃን ማራገፍን አስቀድማለሁ። ሰፊ ሲሊንደር የፒስተኑን ዙሪያና ክብደት ይጨምራል፣ የማሳለጡንም ሥራ ያበዛል። ከሰበቃ የዳነ ኃይል ግን ሁሉም ትርፍ ነው።

አሁን ወደ ጥንዱ፣ ማለትም ወደ ሲሊንደሩና ፒስተኑ እንምጣ። እዚህ ሞተር ላይ የፒስተን ፋሻ አይታሰብም፤ የፋሻው ውጥረት ብቻውን ኃይሉን ይበላዋል። ፒስተኑ ያለ ፋሻ፣ ያለ ዘይት፣ አየር ሳያሳልፍና ሳይያዝ መንሸራተት አለበት። በመካከላቸው የሚፈቀደው ክፍተት ከ0.01 እስከ 0.02 ሚሊ ሜትር ነው። የብረቶቹ ዓይነት ወሳኝ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። የአሉሚኒየም ፒስተን በካስት አይረን ሲሊንደር ውስጥ ብናስገባ፣ 25 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ፒስተን ሙቀቱ በ100 ዲግሪ ሲጨምር 0.058 ሚሊ ሜትር ያህል ይሰፋል፤ ሲሊንደሩ የሚሰፋው 0.026 ነው። ልዩነቱ 0.03 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ክፍተታችንን ሁሉ ይጨርሰዋል፣ ሞተሩም ገና ሲሞቅ ይያዛል። ሲቀዘቅዝ እንደገና ይላቀቃል፤ ሠሪው ምክንያቱን ሳያውቅ ሲሞርድ ይውላል። ካስት አይረን ከካስት አይረን ጋር ሲሆን ሁለቱም እኩል ይሰፋሉ። ደግሞም ካስት አይረን በውስጡ ግራፋይት ስላለው ያለ ዘይት መንሸራተትን ይችላል። ከግራፋይት የተሠራ ፒስተን በብረት ሲሊንደር ውስጥም እጅግ ጥሩ ነው፤ ሲሞቅ ብዙ አይሰፋም፣ ራሱን በራሱ ያለሰልሳል። ግን ከባትሪ ድንጋይ የሚወጣው የካርቦን ዘንግ ቀጭን ስለሆነ አይበቃም፤ ይህን ስፋት የሚሞላ ቁራጭ ማግኘት ይከብዳል። ነሐስ መካከለኛ ነው። አሉሚኒየም ለሞተሩ አካልና ለማቀዝቀዣ ክንፎቹ እንጂ ለፒስተን አልመክረውም።

ታዲያ በመቶኛ ሚሊ ሜትር የተስማማ የካስት አይረን ጥንድ ከየት ይመጣል? ትክክለኛ ቶርኖ ላላቸው ጥያቄው ቀላል ነው። ለሌሎቻችን መልሱ በተጣለ ዕቃ ውስጥ ተቀምጧል፤ ወደ ቆሼ የሚወስደንም ይህ ነው።

ቆሼ ከ1950ዎቹ ጀምሮ የአዲስ አበባ ቆሻሻ ሲከመርበት የኖረ ስፍራ ነው። በከተማዋ ደቡብ ምዕራብ፣ ረጲና ዘነበወርቅ አጠገብ፣ ሠላሳ ሄክታርን በዘለለ መሬት ላይ ተራራ ሆኖ አድጓል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ምሽት ያ ተራራ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎችን ገደለ፤ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። ስለ ቆሼ የሚጽፍ ሰው ይህን ሳይጠቅስ ማለፍ አይገባውም። ከክምሩ እየለቀሙ የኖሩት ሰዎች ለከተማዋ የዋሉት ውለታ ብዙ ነው፤ እኔም ስለ ብረት ከማውቀው ብዙውን የተማርኩት ከእነሱና ከቁራሌዎች ነው። ማግኔት ከማስጠጋታቸው በፊት ብረቱን በክብደቱ ይለዩታል፣ አንኳኩተው ድምፁን ይሰማሉ፣ የተሰበረበትን ፊት አይተው ካስት አይረን መሆኑን ይናገራሉ። ግራጫና ፍርፍር ያለ ስባሪ ካስት አይረን ነው፤ ሲሞረድ እንደ ጥላሸት ጥቁር ዱቄት ይወጣዋል እንጂ አይጠቀለልም። በዚህ ዙሪያ የሚለቀመው ዕቃ በቁራሌው እጅ አልፎ ብዙው መርካቶ ምናለሽ ተራ ይደርሳል፤ እዚያም ድስት፣ ማንደጃና ባሊ ሆኖ ይወለዳል።

አንድ ለቃሚ ወጣት የፍሪጅ ሞተር ይዞ መጥቶ፣ «ጋሼ፣ መዳቡን አውጥቼ ልሽጠው ወይስ እንዳለ ትወስደዋለህ?» ይለኛል። ብዙ ሰው ከፍሪጅ ሞተር የሚፈልገው የመዳብ ሽቦውን ነው። እኔ የምፈልገው ከሥሩ ያለውን ነው። በብዙዎቹ የቤት ፍሪጅ ኮምፕረሰሮች ውስጥ ያለ ፋሻ የሚሠራ ትንሽ ፒስተን አለ። ከካስት አይረን ሲሊንደሩ ጋር የተስማማው በፋብሪካ፣ በሺኛ ሚሊ ሜትር በሚለካ ክፍተት ነው። የሲሊንደሩ ፊት ጠፍጣፋ ሆኖ ተልጓል። ፊቱ ላይ ያለው ሳህን ሲፈታም ቀጭን የምንጭ ብረት ቫልቭ ቅጠሎች ይገኛሉ። እሳት ጎራሽ የሚጠይቀው ይኸው ነው፤ ሌላ መሐንዲስ ለሌላ ሥራ ቀድሞ አዘጋጅቶታል።

ጉድለትም አለበት። የፒስተኑ ጉዞ አጭር ነው፣ ስፋቱም ብዙውን ጊዜ ከ25 ሚሊ ሜትር አይበልጥም፤ ለኛ ከፍታ ጠባብ ነው። ስለዚህ በእርሱ የሚሠራ ሰው የቀረውን ሁሉ እጅግ ቀላል ማድረግ አለበት። የራሱን ክራንክ ትቶ በትናንሽ ኩሽኔታዎች ላይ የሚዞር አዲስ ዘንግ ይሥራለት። ሁለተኛው ምርጫ የአሮጌ መኪና ፍሬን ሲሊንደር ነው፤ የቀድሞዎቹ ከካስት አይረን የተሠሩና ውስጣቸው በጥንቃቄ የተሳለጠ ነው። ዝገት ካልበላው ፒስተን ብቻ ይሠራለታል። ሦስተኛው የፋብሪካ የአየር ሲሊንደር ነው፤ 32 ሚሊ ሜትር የተለመደ መጠን ስለሆነ ለአዲስ አበባ አየር ይመቻል። ግን ብዙዎቹ ከአሉሚኒየም ስለሆኑ የብረት ፒስተን ሲገባባቸው ሙቀት ክፍተቱን ያሰፋዋል፤ አየር ማሳለፍ ይጀምራሉ። እኔ በቅደም ተከተል የምመርጠው ፍሬን ሲሊንደሩን፣ ቀጥሎ ኮምፕረሰሩን፣ በመጨረሻ የአየር ሲሊንደሩን ነው። ጀማሪ ግን በኮምፕረሰሩ ቢጀምር እመክረዋለሁ፤ የተስማማ ጥንድ በእጅ ሲያዝ ምን እንደሚመስል ጣቶቹ ይማራሉ።

ጥንዱ መስማማቱን የምንለይበት ቀላል ፈተና አለ። ሁለቱንም በቤንዚን አጥባችሁ አድርቁ። ሲሊንደሩን አቁማችሁ የታችኛውን አፉን በጣት ድፈኑና ፒስተኑን ከላይ ልቀቁት። በታመቀው አየር ላይ ተንሳፍፎ ቀስ እያለ መውረድ አለበት። ጣታችሁን ስታነሡ በራሱ ክብደት ሽው ብሎ ይውደቅ። የመጀመሪያውን ካላለፈ ያፈሳል፤ ሁለተኛውን ካላለፈ ይይዛል። ለማሳለጥ መካኒኮች የሞተር ቫልቭ የሚያሳልጡበትን ቅባት መጠቀም ይቻላል፤ ግን ነሐስና አሉሚኒየም ላይ አሸዋው ብረቱ ውስጥ ተቀብሮ ሞተሩ በሠራ ቁጥር መፈጨቱን ይቀጥላል። በመጨረሻ ዘይት አትቀቡ። ዘይት በነበልባል ይጠበሳል፣ ፒስተኑንም እንደ ሙጫ ይይዘዋል። ከለስላሳ እርሳስ የተፋቀ የግራፋይት ዱቄት ይበቃል።

ከተጣለ ዕቃ መካከል በፍጹም የማንነካውም አለ። ከቆሻሻ ላይ የተለቀመ የሕክምና ዕቃ፣ በተለይ ሲሪንጅ፣ መቼም ቢሆን አይወሰድ። የመኪና ኮፈን የሚያነሣና የቢሮ ወንበር ከፍ የሚያደርግ የታሸገ ዘንግ በውስጡ ከፍተኛ የጋዝ ግፊት ስላለ በመጋዝ መቁረጡ ለሕይወት ያሰጋል። ፍሪጅም ቢሆን ጋዙ በባለሙያ ሳይወጣ አይቆረጥ፤ የአሮጌዎቹ ጋዝ የምድርን የኦዞን ሽፋን ይጎዳል፣ የአንዳንዶቹ አዲሶች ጋዝ ደግሞ ተቀጣጣይ ነው። ዘይቱም በዕቃ ተጠራቅሞ ይወገድ እንጂ ወደ ቦይ አይደፋ።

ጥንዱ ከተገኘ በኋላ ንድፉን እንመርጣለን። ንድፎች በዋናነት የሚለያዩት በቫልቩ ነው። በአንደኛው ዓይነት ጠፍጣፋ ሳህን በቀዳዳው ፊት ወዲያና ወዲህ ይንሸራተታል። አሠራሩ ለመረዳት ቀላል ነው፤ ነገር ግን መንሸራተቱ ሰበቃ ነው፣ ነበልባሉም ሳህኑን ያጣምመዋል። ሆላንዳዊው ያን ሪደርስ በነደፋቸው ሞተሮች ቫልቩን ከውጭ አንሥቶ ሲሊንደሩ ውስጥ አስገብቶታል። ውብ መፍትሔ ነው፤ የሚጠይቀው የልክ ትክክለኛነት ግን ጥሩ ቶርኖ ለሌለው ሰው ይከብዳል። ሦስተኛው ዓይነት በቀዳዳው ላይ የሚተኛ ቀጭን የምንጭ ብረት ቅጠል ነው። አሜሪካዊው ጄምስ ሴንፍት ፖፒን ብሎ የሰየመው ንድፍ በዚህ ሙያ ከሚታወቁት አንዱ ነውና እሱንም ማጥናት ይጠቅማል።

የእኔ ምርጫ ቅጠሉ ነው፤ ምክንያቱም የአየሩ ግፊት ራሱ ያግዘዋል። ውስጡ ባዶ ሲሆን የውጭው አየር ቅጠሉን በቀዳዳው ላይ ተጭኖ ያትመዋል። ፒስተኑ ሲመለስና የተረፈው ጋዝ ሲጨመቅ ደግሞ ቅጠሉን ራሱ ገፍቶ ይወጣል። ቫልቩን የሚያንቀሳቅሰው ካም የሚሠራው ነበልባል በሚጎረስበት ጊዜ ቅጠሉን ገልጦ መያዝ ብቻ ነው። ጠፍጣፋ ፊት ካገኘን ቅጠሉ ያለ ሌላ ማሸጊያ ይገጥማል፤ ከኮምፕረሰሩ የወጣው ቅጠልም ለዚሁ ይቆረጣል። ድካሙ ሙቀት ነው። የምንጭ ብረት ከ250 ዲግሪ ገደማ በላይ ሲቆይ ጥንካሬውን ማጣት ይጀምራል፤ ስለዚህ የኩራዟ ጫፍ ቀዳዳውን እንጂ የቅጠሉን ሥር እንዳይመታ ተደርጎ ይቀመጥ። የቀዳዳው ስፋት የሲሊንደሩን ሩብ ገደማ ይሁን። በጣም ከጠበበ ነበልባሉ ሳይገባ ይቀዘቅዛል፤ በጣም ከሰፋ ቅጠሉ መድፈን ያቅተዋል።

ቮላኖውን ከቪዲዮ ማጫወቻ፣ ከቴፕ ወይም ከኮምፒዩተር ሃርድ ዲስክ በሚወጡ ኩሽኔታዎች ላይ ማቆም ይቻላል። አዲስ ኩሽኔታ በግራሶ የተሞላ ነው፤ ግራሶው ለመኪና ይጠቅማል፣ እዚህ ግን ይጎትታል። ታጥቦ አንዲት ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት ይደረግበት። ቮላኖው በጣት ሲገፋ ረጅም ጊዜ ዞሮ፣ ሲቆምም አንድ ወገኑ ሁልጊዜ ወደ ታች የማይመለስ መሆን አለበት።

ነዳጁ ኢታኖል ይሁን። የነጭ ጋዝና የሻማ ነበልባል ጥላሸት ስላለው ጥንዱን በደቂቃዎች ውስጥ ያቆሽሸዋል። አገራችን ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ሞላሰስ ኢታኖል ታመርታለች፤ ከቤንዚን ጋር መደባለቅ የተጀመረውም በ2001 ዓ.ም. ነው። ከፋርማሲ ስትገዙ መለያውን አንብቡ። 70 በመቶ የሚለው ለእጅ ማጽጃ ነው፤ ሲሶው ውኃ ነው። አረቄም ለዚህ ሥራ ውኃው በዝቶበታል። ንጹሑ አልኮል እንኳ ሲቃጠል የውኃ ተን ይወጣዋል፤ ሲሊንደሩ ከ50 ዲግሪ ገደማ በታች ከሆነ ተኑ ጤዛ ሆኖ ፒስተኑን ይይዘዋል። በክረምት ጠዋት አልነሣ ያለ ሞተር ብዙ ጊዜ ሌላ በሽታ የለበትም፤ ሲሊንደሩን ቀድሞ ማሞቅ ይበቃዋል። ሜታኖል መርዝ ነውና አይቅረብ። የአልኮል ነበልባል በፀሐይ ብርሃን ስለማይታይም ኩራዟ ሳትቀዘቅዝ አትሞላ።

የማቀዝቀዝ ጥቅም በትልቅ ጣቢያም ይታያል። ከቆሼ አጠገብ ነሐሴ 13 ቀን 2010 ዓ.ም. የተመረቀው የረጲ ኃይል ማመንጫ በቀን 1,400 ቶን ቆሻሻ አቃጥሎ በእንፋሎት ተርባይን ኤሌክትሪክ እንዲያመነጭ የታሰበ ነው። የእንፋሎት ኃይል ማመንጫዎች ከተርባይን የወጣውን እንፋሎት አቀዝቅዘው ውኃ ሲያደርጉ፣ ከተርባይኑ በስተጀርባ ያለው ግፊት ከአየር በታች ይወርዳል፤ ተርባይኑም ተጨማሪ ኃይል ያገኛል። ጠረጴዛ ላይ ያለው ትንሽ ሞተርና ትልቁ ጣቢያ በዚህ ረገድ አንድ ሕግ ይጋራሉ፦ ሙቀት ሥራ የሚሠራው የሚቀዘቅዝበት ሲያገኝ ነው። ይህን በመጽሐፍ ያነበበ ተማሪ ይረሳዋል፤ በእጁ የሠራው አይረሳውም።

አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ አውጀው ነበር። ከመቶ ዓመት በኋላም ብረት የሚለቅመውን፣ የሚያቀልጠውን፣ የሚሞርደውን ሰው ዝቅ አድርጎ ማየት ፈጽሞ አልቀረም። ብረትን በድምፁ የሚለይ ሰው ደጃችን ላይ እያለ፣ የቴክኒክ ተማሪዎቻችን ካስት አይረንን በሥዕል ብቻ እንዲያውቁ ማድረግ ሀብትን ማባከን ነው። ለቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ መምህራን የማቀርበው ልመና ይህ ነው፦ ለአንድ ክፍል አንድ አሮጌ የፍሪጅ ሞተር ግዙ፣ ለቃሚውንም አብራችሁ ጋብዙና ብረት እንዴት እንደሚለይ ለተማሪዎቹ ያሳያቸው። ተማሪው ፈትቶ፣ ለክቶ፣ ከእርሱ እሳት ጎራሽ ይሥራ። ለብቻችሁ የምትጀምሩም ብትሆኑ ፒስተኑ የጣቱን ፈተና ሳያልፍ ቮላኖ አትግዙ፣ ካም አትቁረጡ፣ ኩራዝም አትለኩሱ።